ጋሽ ወሰኔ የማሩት ግማሽ

ጋሽ ወሰኔ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ በሚሸምኑት ባናና በሚያበርዱት ጠብ። ባናው ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ የሞላሌ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያሳድርበት ወር ያለ እሱ እንቅልፍ የለም። ጠቡ ደግሞ የወሰን ነው፣ የግጦሽ ነው፣ የባልና ሚስት ነው። ሁለት ሰው ተኳርፎ አንድ ሳምንት ከዋለ ሦስተኛው ሰው "ወሰኔን ጥሩልኝ" ማለቱ አይቀርም። እሳቸውም መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ጠጉር አራግፈው ይሄዳሉ።

ሲሸመግሉ አንድ የማይዛነፍ ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ በዳዩ ይለያል። ከዚያ ካሣው ጠበቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም ከሚገባው ይበልጣል። ከዚያ ሽማግሎቹ ወደ ተበዳዩ ይዞሩና "ስለ እግዚአብሔር፣ ስለኛም ብለህ" ይሉታል። ተበዳዩ ለወጉ ያህል ፊቱን ያዞራል። ደግመው ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ብድግ ይልና "ስለ እናንተ ግማሹን ምሬያለሁ" ይላል። በዳዩ አቀርቅሮ መጥቶ የሽማግሎቹን ጉልበት ይስማል፤ የቀረውን እዚያው ይከፍላል። የተማረለትንም ግማሽ ቢሆን ዝም ብሎ አይውጠውም፤ ሰንበት ብሎ ጊደር ይነዳል፣ ወይ ገብስ ያስጭናል፣ ወይ በአጨዳ ቀን ከነልጆቹ ይመጣል። ጋሽ ወሰኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሸመግሉ፣ የተማረለትን ይዞ የጠፋ ሰው አላጋጠማቸውም።

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ምንተስኖት የሚባል ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ወጣት አይሱዙ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ መናገር ጀመረ። "ደጋ ጸጋ የሱፍ ሥራ አክሲዮን ማኅበር" ከሚባል ድርጅት ነው የመጣው።

"የምትጥሉት ጠጉር ምንጣፍ ሆኖ ውጭ አገር ይሄዳል! ፋብሪካው የእናንተ ነው! አንድ አክሲዮን አንድ ሺህ ብር! ስልሳ የገዛ መሥራች አባል ይሆናል፣ በየዓመቱ ትርፉን ቁጭ ብሎ ይቀበላል!"

ጋሽ ወሰኔ ቆመው አዳመጡት። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲዳብሱት የኖሩት ጠጉር ባሕር ሊሻገር ነው! ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ የጓሮ በጎቻቸውን እንደ አዲስ እያዩ ቆሙ አሉ።

የነበራቸው ሃያ ሺህ ነው። አርባው የተገኘው ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ጥሩሸዋ ነው። እትዬ ጥሩሸዋ ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ቁልቁለቱ ላይ ያለች የድንጋይ ቤትና አንድ ጥሻ ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፉን ሸጡ። ጉልበታቸው ታሞ ያንን ዳገት መውጣት እያቃታቸው ስለነበር፣ ሐሳባቸው ዳገቱ ላይ ወዳለችው ሞላሌ ከተማ ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከጤና ጣቢያው አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ገዝቶ መኖር ነው። አርባው ሺህ ለቤቱ አይበቃም፤ ታናሽ ወንድማቸው ግን "ሁለት ዓመት ብቻ ይቆይ እትዬ፣ ይወልዳል" አሏቸው። ስልሳውም አክሲዮን በጋሽ ወሰኔ ስም ተገዛ። ጋሽ ወሰኔ ዳዊት የደገሙ፣ ማንበብ የሚችሉ ሰው ናቸውና ደረሰኙን ሲያዩ "ትርፍ" የሚል ነገር አጡበት። ምንተስኖት እስክሪብቶውን አወጣና ከታች በእጁ ጻፈበት፤ "በየዓመቱ ሠላሳ በመቶ ትርፍ ይከፈላል፤ ዋስትና አለው።" ፈረመበትም።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። ትርፍ የለም፣ ፋብሪካም የለም። ጋሽ ወሰኔ በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ እየወረዱ አዲስ አበባ ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። ቢሮው ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረ። በሄዱ ቁጥር አንዲት ልጅ ከጠረጴዛ ኋላ ሆና ያንኑ ትመልሳለች።

"ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባት።"

"ባለፈው ሰኔ የገቡበት ስብሰባ ነው እንዴ የኔ ልጅ? አልወጡም?"

ልጅቱ ሳቀች፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አልወጡም።

ሞላሌም ሥራ አላጣችም። ጠላ ቤት በር ላይ ሲያልፉ አንዱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ሌላው ይቀበላል፤ "ተው፣ የወሰኔ ላም ጠጉራም ናት፣ አትታለብም፣ ትሸለታለች እንጂ።" ሰው የሚያስታርቁ ሰው መሳቂያ ሆኑ። ከሳቁ ይልቅ ያንገበገባቸው ግን እትዬ ጥሩሸዋ ዳገቱን ወጥተው በመጡ ቁጥር መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እየተቀመጡ መምጣታቸው ነው። ደርሰውም "ምን አሉህ?" ከማለት በስተቀር ምንም አይሉም።

በአራተኛው ዓመት የመሪጌታው ልጅ እየሩስ ሕግ ጨርሳ፣ ፈቃድ አውጥታ ጥብቅና ጀመረች። ለፋሲካ ሞላሌ በመጣች ጊዜ ጋሽ ወሰኔ በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት ይዘውላት ሄዱ። ልጅቱ ገለባበጠችው። ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ ቆየችና ቀና አለች።

"አባባ፣ ይሄን አንብበውታል? ክርክር ቢነሣ መደበኛ ፍርድ ቤት አይሄድም ይላል። ሦስት ሰው ተመርጦ ያየዋል።"

"ሦስት ሰው? አንዱን እኔ፣ አንዱን እነሱ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ተስማምተው?"

"እንዴት አወቁ?"

"አይ የኔ ልጅ! እኛ ታዲያ ስንሠራ የኖርነው ምን መሰለሽ?" ፊታቸው በራ። አራት ዓመት ሙሉ በማያውቁት አገር ሲንከራተቱ ኖረው ድንገት የራሳቸው ደጅ ላይ የደረሱ መሰላቸው።

"ሥርዓቱ ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፣ አባባ። እነዚህ ዳኞች ናቸው። የሚሉት እንደ ፍርድ ይጸናል። እዚያ ስንሄድ እኔ ሳልነግርዎ ምንም አይናገሩ፣ እሺ?"

"እሺ" አሉ። ልባቸው ግን ሄዷል።

ክርክሩ ስምንት ወር ፈጀ። እየሩስ የምንተስኖትን የእጅ ጽሑፍ ይዛ አልለቅ አለች። የማኅበሩ ጠበቃ አቶ አፈወርቅ "ወኪሉ ከሥልጣኑ ውጪ የጻፈው ነው" ብሎ ተሟገተ። እሷ ደግሞ ማኅበሩ ያንኑ ቃል በየገበያው በድምፅ ማጉያ ማስነገሩን በምስክር አስረዳች፤ ገንዘቡም ፋብሪካ ላይ ሳይሆን መሬት ግዢ ላይ መዋሉን ከራሱ ከማኅበሩ ሰነድ አወጣች። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ሦስቱ ዳኞች ለውሳኔ ቀጠሩ።

ውሳኔው የተነበበው አዲስ አበባ፣ አንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ ከመስኮቱ ውጪ የሚጮህ መኪና። ሰብሳቢው ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ወሰኔ ገና ሲያዩዋቸው ወደዷቸው። ሰብሳቢው አነበቡ፤ ዋናው ገንዘብ ስልሳ ሺህ ብር። በጽሑፍ ቃል የተገባው የአራት ዓመት ትርፍ ሰባ ሁለት ሺህ ብር። ማኅበሩ አውቆ ስላታለለ፣ ለደረሰው ጉዳትና ለወጪው አንድ መቶ ስምንት ሺህ ብር።

"በድምሩ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር።"

ጋሽ ወሰኔ ቁጥሩን ሰሙት፣ ነገር ግን ወዲያው አልገባቸውም። ሩቅ ተራራ ላይ እንደሚመታ መብረቅ ነበር፤ ብርሃኑ ቀድሞ መጣ፣ ድምፁ ኋላ ደረሰ። ሞላሌ ላይ ስለ አንድ በሬ ሞት ሽማግሌ ሦስት ቀን ይቀመጣል። እዚህ አንድ ሰው መነጽሩን አስተካክሎ የመቶ በሬ ዋጋ ባንድ ትንፋሽ አነበበ። እየሩስ ከጠረጴዛው በታች እጃቸውን ጨበጠቻቸው።

ቃለ ጉባኤው ተጽፎ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት እረፍት ሆነ። ጋሽ ወሰኔ ኮሪደር ላይ ወጥተው ለእህታቸው ጎረቤት ደወሉና እትዬ ጥሩሸዋን አስጠሩ።

"እትዬ፣ ተፈረደልን። ሁለት መቶ አርባ። ያንቺ መቶ ስድሳው ነው።"



"ስንት አልክ?"

"መቶ ስድሳ ሺህ።"

"ያቺ ከጤና ጣቢያው በላይ ያለችው ቤት መቶ ሃምሳ ነው የተባለችው። ባለቤቱ ልጆቹ ዘንድ ሊሄድ ነው። እንግዲህ ቃሌን ልስጠዋ?"

"ስጪው" አሉ ጋሽ ወሰኔ።

ስልኩን ሲዘጉ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ አቶ አፈወርቅን አዩት፤ ግንባሩን መዳፉ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ራሩለት። ስልሳ ሰጥቶ ሁለት መቶ አርባ መቀበል! አራት እጥፍ! አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውስ ዘኬዎስ ነው፤ እሱም በገዛ ፈቃዱ። አስገድዶ አራት እጥፍ የተቀበለ ሰው በየትኛው መጽሐፍ አለ? ደግሞስ ዳኞቹ ቁጥሩን ያን ያህል ያከበዱት ለምን ይሆን? እሳቸው ያውቁታል። ካሣ ጠበቅ ተደርጎ የሚቆረጠው ተበዳዩ የሚምረው ነገር እንዲኖረው ነው። እነዚያ ሽማግሎች ምሕረት እየጠበቁ ነው፤ ከተማ ስለሆነ ግን አፍ አውጥተው አይጠይቁም። ምረው ሲቀመጡ ያ ሰውዬ ተነሥቶ "የለም አባት፣ ሙሉውን" ይላል፤ ባይል እንኳ ሰንብቶ በሌላ መልክ ይመልሰዋል። ገንዘቡ ቂም ሳይከተለው ይገባል። የእህታቸውም ቤት በሰው እንባ አይገዛም።

ተመልሰው ገቡ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን አነበቡና "የሚጨመር ነገር ከሌለ እንፈራረም" አሉ።

ጋሽ ወሰኔ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"የተከበራችሁ ሽማግሎች፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እናንተም ስል ግማሹን ምሬያለሁ።"

እየሩስ ጋቢያቸውን ከኋላ ጎተተች። "አባባ! ይቀመጡ!" እሳቸው ሳይዞሩ በእጃቸው ገፋ አደረጓት፤ ሽማግሌ ፊት ልጅ አይናገርም።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። "አባት፣ የሚሉትን አስበውበታል? መቶ ሃያ ሺህ ብር እኮ ነው። ማንም አልጠየቀዎትም። ጠበቃዎን ያማክሩ።"

ይህ ለጋሽ ወሰኔ የለመዱት ነገር ነበር። ሽማግሌ ተበዳዩን ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል፤ ምሕረቱ ከልብ መሆኑን ለማየት። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አስቤበታለሁ። ከልቤ ነው።"

አቶ አፈወርቅ ቀና ብሎ ነበር። "በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልን" አለ ፈጥኖ። እየሩስ ተቃወመች፣ ጊዜ ይሰጠን አለች፤ ሰብሳቢው ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ጠየቋቸው፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያንኑ መለሱ። ተጻፈ። "ከሳሽ በፈቃዱና በሙሉ አእምሮው የተወሰነለትን ግማሽ ምሮአል፤ ቀሪው እንደ ውሳኔው ይከፈል።" ጋሽ ወሰኔ ራሳቸው አነበቡት። ጽሑፉ ትክክል ነው። ፈረሙ።

ከዚያ ጠበቁ።

አቶ አፈወርቅ ወረቀቱን ሰበሰበ። ቦርሳውን ዘጋ። ለዳኞቹ በራሱ እጅ ነሣ፣ ለጋሽ ወሰኔ ፈገግ አለላቸውና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባት" ብሎ ወጣ። ተመልሶ የሚመጣ መሰላቸው። ዳኞቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆም ብለው አይተዋቸው ሄዱ። ጋሽ ወሰኔ ተቀምጠው ቀሩ። አንዲት ሴት መጥታ ያልተከፈተውን ውኃ ስትሰበስብ ነው "አለቀ እንዴ?" ብለው የጠየቁት።

እየሩስ ደረጃው ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ከንዴት ነው።

"ስምንት ወር! አባባ፣ ስምንት ወር! ምን አድርጎልዎት ነው? ገንዘብዎን ወስዶ ያሾፈብዎት ሰው!"

"ይመልሰዋል፤ ሰው አይደል?"

"ማኅበር ነው እኮ፣ ሰው አይደለም! ጎረቤትዎ አይደለም! ነገ ቀብር ላይ አያገኝዎትም፤ ማንን አፍሮ ነው የሚመልሰው?"

"ታዲያ ፍርድ ቤት ብንሄድስ? አልገባኝም ነበር ብል?"

"ሦስት ጊዜ ጠይቀውዎት? ጠበቃዎ አጠገብዎ ተቀምጣ?" አለችና ፊቷን ጠረገች። እንዲያም ሆኖ አመለከተች፤ አልተሳካም።

መቶ ሃያው ሺህ በሁለተኛው ወር ተከፈለ። ጋሽ ወሰኔ በዚያ ሁለት ወር ስልካቸውን ከአጠገባቸው አልለዩም። አቶ አፈወርቅ ይደውላል ብለው ነው። ጎረቤት "ምን ትጠብቃለህ?" ሲላቸው ያፍሩና "ምንም" ይላሉ። ባናውን ሲሸምኑ ክሩ ይበጠስባቸው ጀመር፤ እጃቸው ነው የተናደደው።

ገንዘቡን እንዳለ ለእህታቸው ወሰዱት። ለራሳቸው አንድ ብር አላስቀሩም። እትዬ ጥሩሸዋ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ።

"ቤቱ ተሸጠ" አሉ በመጨረሻ። "ከአጣዬ የመጣ ነጋዴ ሙሉውን ቆጥሮ ገዛው። ባለቤቱ ግማሹን መማርህን ሰምቶ ሁለት ጊዜ ልኮብኝ ነበር፤ 'ሠላሳውን ሺህ ሙይና ውሰጂ' እያለ። ከየት አምጥቼ?"

"እትዬ…"

"የራስህን ሃያ ሺህ ብትምር፣ ሰማንያህን ብትምር፣ ምን አገባኝ! የኔን ባሕር ዛፍ ማን ማር አለህ? ሟቹ ባሌ ነው የተከለው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አንተስ ገደሉንም አይተህ ነው የገባህ፤ ሦስት ጊዜ ጠይቀውህ!"

የእህታቸው ድርሻ መቶ ስድሳ ነበር፤ የሰጧቸው መቶ ሃያ ነው። አርባ ሺህ ብር ይቀራል።

እትዬ ጥሩሸዋ ወንድማቸውን ማነጋገር አቆሙ። ነገሩ አገር ሰማው። ከፋሲካ በፊት አባ ኪዳነ ወልድና ሌላ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለቱም ከጋሽ ወሰኔ ጋር ብዙ ጠብ ያበረዱ፣ ቁልቁለቱን ወርደው እትዬ ጥሩሸዋ ቤት ገቡ። ጋሽ ወሰኔንም ጠርተው በዳይ በሚቀመጥበት በኩል አስቀመጧቸው። እዚያ በኩል ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። መሬቱ የሚቀዘቅዝ መሰላቸው።

"ጥሩሸዋ፣ ወንድምሽ አርባ ሺህ እንዳለበት አምኗል" አሉ አባ ኪዳነ ወልድ። "ያጠፋው በክፋት አይደለም። ስለ ሕማማቱ፣ ስለኛም ብለሽ።"

እትዬ ጥሩሸዋ ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሎቹ ሁለተኛ ጠየቋቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ትንፋሽ ወሰዱና አፋቸውን ከፈቱ፤ ጋሽ ወሰኔ ቃሉ ሲመጣ አዩት፤ ሺህ ጊዜ ሲመጣ ያዩት ቃል ነው። ዘለው ተነሡ።

"አትማሪኝ!"

"ምን ሆነሃል ወሰኔ?" አሉ አባ ኪዳነ ወልድ።

"አትማሪኝ እትዬ። ብትምሪኝ እኔም እንደዚያ ሰውዬ ቦርሳዬን ዘግቼ ልወጣ ነው። እከፍላለሁ። ጻፉብኝ።"

"ወግ አፍርሰህ ልታጣላን ነው?" አለ ሁለተኛው ሽማግሌ።

"እንደ ወጉ ከሆነማ አንድ ጊደር ነድቼ ነገሩ ሊያልቅ ነው። ጊደር ቤት አይሆንም!"

እትዬ ጥሩሸዋ ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ መጀመሪያ ነው።

"እሺ" አሉ። "አልምርም። ጻፍ።"

ጋሽ ወሰኔ በገዛ እጃቸው ጻፉ። አባ ኪዳነ ወልድ እየተነጫነጩ ለእትዬ ጥሩሸዋ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩት። የሚታረቅ ስለሌለ ሽማግሎቹ ሳይመርቁ ተነሥተው ሄዱ፤ ዳገቱ ላይ ሲያጉረመርሙ ይሰማ ነበር።

ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ።

"በምንድን ነው የምትከፍለኝ?" አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

"በባና።"

"ባና አሁን ስንት ነው?"

"ጥሩው አራት መቶ።"

"በዓመት ስንት ትሸምናለህ?"

"ዓይኔ ካልከዳኝ… አሥራ አምስት።"

እትዬ ጥሩሸዋ በጣታቸው ሲያሰሉ ቆዩ። ጣታቸው ባለቀ ቁጥር እንደገና ይጀምራሉ። ጋሽ ወሰኔ መልሱን ያውቁታል፤ መንገድ ላይ ሲወርዱ አስልተውታል።

"ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው ወሰኔ!" አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። "ሰባት ዓመት! እኔ ስልሳ ስምንቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺን ዳገት በምን ጉልበቴ ነው የምወጣት?"